ሌሊቱን በጌም ለምታነጋው ልጄ

ልጄ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቅህ በምክንያት ነው። እናትህ ሌሊት ስትነሳ በበርህ ሥር ብርሃን ታያለች። ድምፅህንም ትሰማለች። «በግራ መጡ፣ በግራ!» ትላለህ። ከማን ጋር እንደምታወራ አታውቅም። ትንሽ ቆማ ታዳምጥና ተመልሳ ትተኛለች። ጠዋት አትጠይቅህም፤ አንተም አትነግራትም። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። ስለዚህ እኔ ልጠይቅህ ብዬ ነው። ልቆጣህ አይደለም። የምቆጣበትም ነገር አላየሁብህም። ያለኝ ስጋት ብቻ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ዓለም ከንቱ ነው አልልህም። እንዲህ እያሉ የሚገሥጹ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ልጆቹም አይሰሟቸውም፤ ባይሰሟቸውም አልፈርድባቸውም። ያላዩትን ነገር ነው የሚነቅፉባቸው። እኔ ግን አጠገብህ ተቀምጬ አይቻለሁ። ፐብጂ በምትሉት ጌም መቶ ያህል ሰው ከአውሮፕላን እየዘለለ አንድ ደሴት ላይ ይወርዳል። መሣሪያውንም፣ መድኃኒቱንም፣ መኪናውንም እዚያው ፈልጎ ማግኘት አለበት። ቦታው ደግሞ እየጠበበ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ቆሞ የተገኘ ያሸንፋል። አንተ ከሦስት ጓደኞችህ ጋር ስትገባ አየሁህ። የያዝከውን ጥይት ስታካፍል አየሁህ። አንዱ ሲወድቅ ትተኸው አልሮጥክም፤ ተመልሰህ አነሣኸው። ሦስቱም የሚጠብቁት የአንተን ቃል ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው መምራት የምትችል ልጅ እንደሆንክ ያን ዕለት አየሁ። አሁን የምነግርህንም ሁሉ ያንን ይዤ ነው የምነግርህ።

እዚያ ያሉት ጓደኞችህም ሐሰተኞች ናቸው አልልህም። በኖርዌይ ማትስ ስቴን የሚባል ልጅ ነበር። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርህ፤ በ1989 ተወለደ። ዱሼን የሚባል፣ ጡንቻን እያደከመ የሚሄድ በሽታ ነበረበት። እያደር ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጣቶቹን ከማንቀሳቀስ በቀር ብዙ የሚችለው ነገር አልቀረለትም። ቀኑን ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሚባል ጌም ውስጥ ያሳልፍ ነበር። እዚያ ስሙ ኢበሊን ነው። ይራመዳል፣ ይሮጣል፣ ከሰው ጋር ይጫወታል። ወላጆቹ ግን ልጃችን ያለ ጓደኛ ኖረ እያሉ ያዝኑለት ነበር። በ2014 በ25 ዓመቱ አረፈ። አባቱና እናቱ እሱ ይጽፍበት በነበረው ገጽ ላይ መሞቱን አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ከማያውቋቸው ሰዎች፣ ከልዩ ልዩ አገር ደብዳቤ ይጎርፍላቸው ጀመር። አጽናንቶኝ ነበር፣ መክሮኝ ነበር፣ ከልጄ ጋር አስታርቆኝ ነበር የሚሉ ደብዳቤዎች ናቸው። ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ አገር አቋርጠው ቀብሩ ላይ ተገኙ። በ2024 ታሪኩ በፊልም ወጥቷል፤ ብታየው ደስ ይለኛል። ከእናትህ ጋር ብታየው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ይህን ሰው ሳስብ አንተን አስባለሁ። ለእሱ ያ ዓለም፣ አካሉ የዘጋበትን በር ከፍቶለታል። የአንተ እግር ግን ይሄዳል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለእሱ የከፈተው ዓለም በአንተ ላይ እንዳይዘጋ ነው የምፈራው።

ለምን እዚያ እንደምትውል የሚገባኝ ይመስለኛል። ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም። ሰነፍ ሰው እስከ ንጋት ለአንድ ደረጃ አይታገልም። ዲግሪህን ይዘህ ወጣህ። አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመህ አንገትህ እስኪያምህ አነበብክ። «ዜሮ ዓመት» የሚል ስትፈልግ «ሁለት ዓመት ልምድ»፣ «አምስት ዓመት ልምድ» የሚል ታገኛለህ። ዜሮ ዓመት የሚል ሲገኝ ደግሞ ሰልፉ መንገዱን ይዘጋዋል። ፎቶ ኮፒ አስደርገህ አስገባህ። ከአንድ ሁለት ቦታ በቀር የደወለልህ የለም። አልተቀበልንህም ያለህ እንኳ የለም። ይህ ያማል። ሰው «አይሆንም» ሲባል ይከፋዋል፤ ምንም ሳይባል ሲቀር ግን የሌለ ያህል ይሰማዋል።

ከዚያ ቤት ትገባና ጌሙን ትከፍታለህ። እዚያ ሥራህ ምን እንደሆነ ይነገርሃል። ስትጨርስ ይቆጠርልሃል። ደረጃህ ሲጨምር ጮክ ብሎ ይነግርሃል። የሠራኸው ሁሉ ይታያል፤ የጠፋ ነገር የለም። ሀቀኛ ቀጣሪ ያገኘህ ይመስልሃል። እዚያ መዋልህ አያስገርመኝም። በአንተ ዕድሜ ያለ፣ ጉልበቱን የሚያፈስበት ያጣ ሰው ወደሚቆጠርለት ቦታ ይሄዳል።

ነገር ግን ልጄ፣ ያ ሁሉ መቆጠር እንዴት እንደተሠራ ማወቅ አለብህ። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እርግቦችን ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ያጠና ነበር። እርግቧ አንድ ነገር በመንቁሯ ስትመታ እህል ይወርድላታል። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቁጥር ከወረደላት፣ በልታ ታርፋለች። አንዳንዴ በሦስተኛው፣ አንዳንዴ በሃያኛው፣ መቼ እንደሚወርድ ሳታውቅ ሲሆን ግን ያለ ዕረፍት ትመታለች። ጌም ውስጥ ምን እንደሚወጣው ሳታውቅ የምትከፍተው ሣጥን በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። አንድ ጊዜ ብርቅ ነገር ይወጣል፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ ምንም አይወጣም። አንተም «አንዴ ብቻ» ትላለህ። «አንዴ ብቻ» ያልከው ራስህ ይመስልሃል፤ ነገር ግን እንድትል ታስቦበት የተሠራ ነው።

ይህን የምለው በጥርጣሬ አይደለም። ፎርትናይት የሚባለው ጌም ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በታኅሣሥ ወር 2022 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ተጫዋቾችን ሳያስቡት ገንዘብ እንዲያወጡ አድርጓል በመባሉ የሚመለስ ነበር። ቁልፎቹ የተቀመጡበት መንገድ ግራ የሚያጋባ ሆኖ፣ አንዱን በመንካት ብቻ ሰው ሳይፈልግ ይገዛ ነበር። የቀረው 275 ሚሊዮን ስለ ሕፃናት የግል መረጃ ነው። እንግዲህ ማቆም ሲያቅትህ ራስህን አትርገም። ከማያ ገጹ ወዲያ ብዙ የተማሩ ሰዎች፣ እንዳትነሣ ለማድረግ ደመወዝ እየተከፈላቸው ተቀምጠዋል። መነሣት ግን አሁንም በእጅህ ነው። ከባድ መሆኑን ስለማውቅ ነው ቀስ ብዬ የማወራህ።

አሁን በብርቱ ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ሰዓቱ አይደለም። ገንዘቡም አይደለም። ስህተት ነው።

በዚያ ዓለም ስትሞት፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትመለሳለህ። ብትሸነፍ ሌላ ዙር ይጀመራል። የሰደብከውን ሰው ዳግመኛ ላታየው ትችላለህ። የማያምርህን ስም ትለውጣለህ፤ መልክህንም ትለውጣለህ። ስህተቱ ይደመሰሳል። ይህ ለጨዋታ መልካም ነው። ገና ከልጅነቱ ጀምሮ ስህተት ሁሉ ሲደመሰስ እያየ ያደገ ሰው ግን፣ የማይደመሰስ ስህተት ሲያጋጥመው ምን ይሆናል? ይፈራል። ከሚገባው በላይ ይፈራል። እዚያ መቶ ሰው መካከል ዘሎ የሚወርደው ልጅ፣ እዚህ አንድ ስልክ ለመደወል እጁ ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱም እዚህ የተናገረው ቃል ይቀራል። ያፈረባት ፊት ነገም መንገድ ላይ ታገኘዋለች።

ይህን በአንተም አይቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። አንድ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርተህ ምላስህ ተሳሰረ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ቦታ ተጠርተህ አልሄድክም። ከልጅነት ጓደኛህ ጋር ተቃየምክ፤ ሠፈሩን አዙረህ ነው የምታልፈው። ጌሙ ውስጥ ብትሆን ሁለቱንም ደግመህ ትሞክራቸው ነበር። ያ ዓለም መውደቅን አላስተማረህም፤ መውደቅህን ነው የሚያጠፋልህ። ወድቆ መኖርን የሚያስተምረው ይህኛው ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ምላሱ የተሳሰረ ሰው በሦስተኛው ይፈታል። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ሲጠይቅ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ቡና ይጠጣሉ፤ ነገሩ ይታወሳል፤ ቂሙ ግን ይጠፋል። ይህን የሚያውቀው ያደረገው ሰው ብቻ ነው። አባቶቻችን ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ ነበር። ሳይናገር ስንት ነገር የቀረበት ሰው አይቻለሁ መሰለህ።

ደግሞ የማይቆጠር ነገር አለ። ለቅሶ ቤት ትገባለህ። የምትለው ታጣለህ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብለህ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። ነጥብ የሚሰጥህ የለም። ደረጃህ አልጨመረም። ነገር ግን ሐዘንተኛው ከዓመታት በኋላም «ያን ዕለት መጥተሃል» ይልሃል። እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። የእድሩን ድንኳን ተሸከምን፤ አግዳሚ ወንበር አወረድን፤ ውኃ ቀዳን፤ ተላክን። አንድ ትልቅ ሰው «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስማችን በዚያ ተያዘ። ሥራም ያገኘነው፣ ትዳርም ያገኘነው ብዙዎቻችን በዚያ በኩል ነው። ሰው የሚያስታውሰው ያየውን ነው። አንተ ግን አትታይም። ሠፈሩ ውስጥ እንዳለህ የማያውቁ ሰዎች አሉ። ብቁ ስለሆንክ ይህ ይቆጨኛል። ብቁ ባትሆን ኖሮ ዝም እልህ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ያ ዓለም ባለቤት አለው። በቻይና ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከ2005 ጀምሮ ይጫወቱት ነበር። የጌሙ ባለቤት ብሊዛርድና በቻይና የሚያስተዳድረው ኔትኢዝ ውላቸውን ማደስ ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። በ2023 መጀመሪያ ሰርቨሩ ተዘጋ። በልጅነታቸው ገብተው እዚያው ጎልማሳ የሆኑ ሰዎች፣ ያሳደጉት ገጸ ባሕርይ፣ ያከማቹት ዕቃ፣ የሚገናኙበት ከተማ ሁሉ ባንድ ሌሊት ተዘጋባቸው። ጥፋት አልሠሩም። የጠየቃቸውም የለም። ኩባንያዎቹ በኋላ ታርቀው በ2024 ተከፍቷል፤ ያም ቢሆን እነሱን ጠይቀው አይደለም። ልጄ፣ ተከራይ የሰው ግድግዳ ላይ ዕድሜ ልኩን ኖራ ሲቀባ ቢኖር ቤቱ የእሱ አይሆንም። እዚያ ያለህ ማዕረግ እንዲህ ነው። ወታደሮችህ ቢያከብሩህም፣ የወጣኸው ደረጃ ቢያኮራህም፣ አንድ ቀን በማታውቀው ቢሮ ውስጥ በማታውቀው ውል ሊያልቅ ይችላል። አንተ ጋር የሚቀረው ትዕግሥትህ፣ ሰው መምራትህ፣ የወደቀ ጓደኛ ማንሣትህ ነው። እነዚህን ማንም አይዘጋብህም። ወደዚህ አምጣቸው የምልህም ለዚህ ነው።

መንግሥታትም ነገሩ አስጨንቋቸዋል። ደቡብ ኮሪያ በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ ከለከለች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን አነሣችው። ቻይና ደግሞ በ2021 ከ18 ዓመት በታች ላሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ፈቀደች። ይህን ስሰማ ያሰብኩት ስለ ሕፃናቱ አልነበረም። 18 ዓመት ስለሞላቸው ወጣቶች ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን የሚዘጋላቸው የለም። አንተም ዕድሜህ ያን አልፏል። እናትህ ዋይፋዩን ብታጠፋብህ ያሳፍራታል፤ አንተንም ያሳፍርሃል። ስለዚህ የሚዘጋው አንተ ነህ።

የዓለም ጤና ድርጅትም የጌም ሱስን በበሽታ መዝገቡ ላይ በ2019 አጽድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። ብዙ መጫወት ብቻውን በሽታ አይደለም ይላል። መቆጣጠር ሲያቅት፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ሲቀድም፣ ጉዳቱ እየታየ ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። አንተ ለራስህ ፍረድ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ልብህ «አዎ፣ ይህ እኔ ነኝ» ካለህ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ነውር የለውም። «አማኑኤል ሆስፒታል ታየ» ይሉኛል ብለህ አትፍራ። ማንም ምን ቢል፣ ሕይወቱ የአንተ ነው። እኔ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ከውጭ እጠብቅሃለሁ።

እስከዚያው ከትንሹ ጀምር። ስልኩን ሰብረህ ጣል አልልህም። በቁጣ የተጣለ ነገር በናፍቆት ይነሣል። መጀመሪያ እንቅልፍህን አስተካክል። መቼ እንደምታቆም ሌሊት ላይ አትወስን፤ ሌሊት ላይ የሚወስነው ድካምህ ነው። ቀን፣ ምሳ በልተህ፣ ልብህ ሲረጋጋ ወስን። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ ተኛ። ጠዋት ከሰው ጋር ሳትነጋገር ጌሙን አትክፈት። «እንዴት አደርክ» መባባል ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ስህተትህ የማይደመሰስበት ቦታ ሂድ። የተቃየምከው ጓደኛህ ቤት ይሁን። ያልሄድክበት ቃለ መጠይቅ ይሁን። ቢበላሽብህም ሂድ። በሚቀጥለውም ሂድ።

ለጓደኞችህም ንገራቸው። ድንገት አትጥፋባቸው፤ አራት ሆናችሁ የምትሰለፉ ናችሁና አንዱ ሲጎድል ሦስቱ ይቸገራሉ። «ከእንግዲህ ከዚህ ሰዓት በኋላ አልገባም» በላቸው። የሚያዝን ይዘን። እግረ መንገድህንም እውነተኛ ስማቸውን ጠይቃቸው፤ የት አገር እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሠሩ ጠይቃቸው። እንደ አንተ ያለ ሥራ የሚፈልግ ይኖር ይሆናል። ከመካከላቸው አዲስ አበባ የሚኖር ካለ ምሳ ጋብዘው። ገንዘብ ካጠረህ ቤታችሁ አምጣው፤ እናትህ ከማን ጋር እንደምታወራ ብታውቅ ደስ ይላታል።

አንድ ነገር ደግሞ አንተን ማስቸገር ይኖርብኛል። የእድራችን መዝገብ ገና ደብተር ላይ ነው። የአባላቱ ስም ከነወርሃዊ መዋጮው በብዙ እጅ የተጻፈ ነው፤ አንዳንዱ ቀለሙ ደብዝዟል። ባለፈው ጊዜ ማን ከፈለ ማን አልከፈለም በሚል ሁለት ሽማግሌዎች ተቀያየሙ። ኮምፒውተር ላይ ማስገባት የሚችል ሰው እየፈለግን ነው፤ ከመካከላችን የሚችል የለም። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሊያጨቃጭቅህም ይችላል። አንዳንዱ ሰው የተጻፈበትን አይቀበልም፤ ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። አራት ሰው በሌሊት የሚመራ ልጅ ይህ እንደማያቅተው ለእድሩ ዳኛ ነግሬያቸዋለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እድሩ ግቢ እንጠብቅሃለን። ላፕቶፕህን ይዘህ ና፤ ቻርጀሩንም አትርሳ።